የወደቡ ሕዝብ ዓይኖች

ደግፌ ባሱ ፎቅ ላይ እስኪወጣ ሁለት ሰዎች ሲከተሉት ነበር።

የመጀመሪያውን ሆሎዌይ መንገድ ላይ ቀድሞ ጥሎታል፤ በአንድ ፀጉር ቤት የፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣና ጣለው። ሁለተኛው ግን ጠንካራ ነበር። በሐምሌ ሙቀት ጥቁር የቆዳ ጓንት ያጠለቀ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት ሰው። ከእሱ የገላገለው ሹፌሩ ነው። የባሱን በር አፍንጫው ላይ ዘጋበት። የለንደን ሹፌር ሮጦ በመጣ ሰው ላይ በር መዝጋት እንደሚጥመው የትም የስለላ ትምህርት ቤት አያስተምሩም። ደግፌ ያውቃል። ደግፌ የማያውቀው ነገር ጥቂት ነው።

በዓለም ካሉ ሰላዮች አንደኛ ነው የሚሉ አሉ። ሁለተኛ ነው የሚሉትን እስካሁን በሕይወት ያገኛቸው የለም። ሰባት አገር በሰባት ስም ኖሯል። አራት መኪና ሙሉ ገዳይ ባንዲት የገበያ ጋሪ አምልጧል። መንግሥታት ሲቸግራቸው የሚከራዩት የግል የስለላ ድርጅት፣ ሠራተኞቹ «ቢሮው» ብቻ የሚሉት፣ «ጨጎጎት» የሚል የሚስጥር ስም ሰጥቶታል። ልብስ ላይ ከተጣበቀ ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም።

ይህን የመሰለ ጀግና ቢሮው ምን አደረገው? ፍሬም ሠሪ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሆሎዌይ ላይ ባንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ሠርግና የሰው ዲግሪ በመስታወት ሲያሽግ ይውላል። ሙጫው ያቅለሸልሸዋል። ዲግሪው ደግሞ ከሙጫው ይብሳል። ከሁሉ በላይ የሚያንገሸግሸው ግን አለቃው ነው።

አለቃው የባሱ ፎቅ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የሚስጥር ስሙ «ደወል»። ስድሳ አምስትን የተሻገረ፣ የሱሪው ተኩስ ምላጭ የሚመስል ሰው። ነጭ መሀረቡን በአራት አጥፎ አፍንጫው ላይ ይዟል። ከፊቱ አንድ ጎረምሳ የተጠበሰ ዶሮ ከካርቶን እያወጣ ይበላል።

«ይሄ ሕዝብ ይገማል» አለ ደወል፣ በመሀረቡ ውስጥ።

«ዶሮው ነው፣ ጋሼ።»

«ሕዝቡ ነው። ተቀመጥ። አመጣህ?»

ደግፌ ከቦርሳው የፍሬም ናሙና አወጣ፤ ደንበኛ ቀለም የሚመርጥበት፣ ሁለት ቁራጭ እንጨት በማዕዘን የተጋጠመበት። ጀርባው ላይ በእርሳስ አንድ ስምና አንድ አድራሻ ጽፎበታል። በምርጥ የእጅ ጽሑፉ።

ደወል ገልብጦ አነበበ።

«እንግዳወርቅ» አለ ቀስ ብሎ። «በሕይወት አለ ማለት ነው።»

«የልጅቷ አያት ናቸው። ሥዕሉን የሣሉት እሳቸው መሆናቸውን ከቤተሰቡ ውጭ ማንም አያውቅም። ይህን ለማግኘት ስንት ዲግሪ እንዳሸግሁ እግዜር ይወቀው።»

«አልጠየቅሁህም።»

ነገሩ የጀመረው በዚያ ሥዕል ነው። ዝማሬ የምትባል የሆሎዌይ ልጅ የአንድ ሥዕል ፎቶ ቤተ ክርስቲያኗ ገጽ ላይ ለጠፈች። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ83 ግንቦት፣ ቀይ ባሕር ዳር የተሣለ። መርከቦች። ጭስ። በወደቡ ጠርዝ ላይ እንደ ጉንዳን የፈላ ሕዝብ። የሠዓሊ ስም የለበትም። ፎቶው በወጣ ሳምንት ደወል ለደግፌ ሱቅ ተከራየለት።

ደወል ያኔ የሰጠው ትርጉም እንዲህ የሚል ነበር። መርከቦቹ ዛሬ መሣሪያ የሚያሻግሩ መንገዶች ናቸው። ሕዝቡ ጭነቱ ነው። ጭሱ የነፈሰበት አቅጣጫ ቀጠሮው ነው። ስምንት ባለሙያ ተመልክቶታል። የሣለው ሰው የሽብር መልእክተኛ ነው።

ደግፌ አምኖ ነበር። ስምንት ባለሙያ ሲባል ማን ይጠራጠራል?

«አሁንስ?» አለ።

«አንተ ሥዕሉን ዛሬውኑ ታመጣለህ። ሰውየውን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።»

«የሚንቀጠቀጥ እጅም ይሥላል።»

ደወል ተነሣ። የባሱን ምሰሶ በመሀረቡ ጠቅልሎ ይዞ ወረደ፤ ሰው የነካው ብረት እንዳይነካው።

ደግፌን ቀፈፈው። ግን የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው አልነበረም። እስከዚያች ቀን ድረስ።

ዝማሬ ሱቁ በር ላይ ቆማ ስልኳን ትጎረጉራለች። በክንዷ ሥር ካርቶን መሀል የገባ ሥዕል አለ። በሰፈሩ አስተዳደር፣ በካውንስሉ፣ የቤቶች ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ፓርክ ሮያል በአንድ መጋዘን ውስጥ የሚያመልክ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ትመራለች።

«ጋሽ ደግፌ፣ አርፍደሃል። ፓስተር ባዩ በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። የአበሻ ቀጠሮ እንዳይመስልህ፤ ፕሮጀክተር ቡክ ተደርጓል።»

«ፍሬሙ ካለቀ ሰነበተ። ሥዕሉን ነው የነፈግሽኝ።»

«አባባ አላስወጣ ብለው ነው። ልኩን ከሰጠሁህ ምን አነሰህ?»

ዋናውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በባሕር ካርታ ጀርባ ላይ። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ፍሬሙ ውስጥ ቅጂ ያስገባል፤ ዋናው በቦርሳው ይሄዳል። እጁ ሲሠራ አፉም ዝም አላለም።

«ፓስተር ምን ብሎ ሊተረጉመው ነው?»

«መርከቦቹ ቸርች ናቸው። ሕዝቡ ያልዳኑት። ጭሱ መንፈስ ቅዱስ ነው አለ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ለኔ ጭሱ ጭስ ይመስለኛል።»

«አያትሽስ?»

«ስለ ጦርነቱ አያወሩም። አንዴ ሳስቸግራቸው ‹ዓይናቸውን እዪ› አሉኝ። አየሁ። ዓይን ነው። ሁለት ሁለት።»

የደግፌ እጅ ቆመ።

አባቱ ደብረ ታቦር አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ደግፌ ሲያወራው፣ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ገነት ራሷ ቀለም አልነበራትም። ቀለም እየበጠበጠላቸው ነው ያደገው። ሕጉን ከፊደል በፊት ተምሯል። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ሰይጣን አንድ ዓይን። ይሁዳ አንድ ዓይን። የጌታን ጎን የሚወጋው ወታደር አንድ ዓይን። ለንደን ተወልዳ በጊታር የምትዘምር ልጅ ይህን ከየት ታመጣዋለች?

ማጉያውን አነሣ።

ሴቶች። ሕፃናት። ቃሬዛ ላይ የተኙ ወታደሮች። ፊታቸው ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ እያንዳንዱ ላይ ግን ሁለት ነጥብ አለ። የሚሮጡት እንኳ አንገታቸውን አዙረው ፊት ለፊት ያያሉ። የተኙትም ያያሉ። ማጉያውን በመርከቡ መሰላል ላይ ወደ ላይ ገፋው።

እዚያ አንድ ሰው ቆሟል። በጎን።

አንድ ዓይን።

እጁ አፍንጫው ላይ ነው። በእጁ በአራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዟል።

መሀረብ።

የመሣሪያ መንገድ የለም። ስምንት ባለሙያም የለም። አንድ የሚፈራ ሰው አለ፣ ያየው አንድ ሽማግሌ አለ፣ የሽማግሌውን አድራሻ ደግሞ የዓለም አንደኛው ሰላይ በገዛ እጁ ጽፎ አስረክቧል። ሥዕሉን መስረቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክረምትና በጋ ባልጠበቁ ነበር። ሥዕል ቢጠፋ የሣለው እጅ ይደግመዋል። ደወል የፈለገው እጁን ነው።

ቀፈፈው። በደወል ይሁን በራሱ አልለየውም።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«አያትሽ ጋ ማን አለ?»

«ማንም። ለባብሰው እየጠበቁኝ ነው።»

«ሩጪ።»

የነዝማሬ ኤስቴት፣ የካውንስሉ ፎቅ ቤቶች፣ ከሱቁ ጀርባ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃው ሽንት ሽንት ይላል። ደግፌ ስድስት ፎቅ ባንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ሲተረክ አሥራ ስድስት የሚሆን ዓይነት አወጣጥ።

በሩ ላይ አንገት የሌለው ሰው ቆሟል። አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቧል። ጓንቱን አላወለቀም።

የጠዋቱ ተከታይ የማን እንደነበር አሁን ገባው።

«ጋዝ ቼክ» ይላል ሰውየው በእንግሊዝኛ፣ በሰንሰለት በተያዘው የበር ክፍተት።

«ጋዝ የለንም፣ ልጄ» አሉት አቶ እንግዳወርቅ ከውስጥ፣ በአማርኛ። «ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው። በመብራት ጉዳይ ከሆነ ዝማሬ ስትመጣ ተመለስ።»

ባለ ጓንቱ ትከሻውን በሩ ላይ ጣለ።

ደግፌ ከኋላው ዘሎ አንገት በሚኖርበት ቦታ ያዘው። ሦስት ሰው የሚያህል ነበር። አምስትም ይሆናል። ሰውየው ዞረ፣ የደግፌን ቀኝ እጅ በበሩና በመቃኑ መሀል አስገባ፣ በጉልበቱ ዘጋው።

ጣቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮሁ።

ያኔ በክፍተቱ በኩል ምርኩዝ ብቅ አለ። ተንቀጠቀጠ፣ አነጣጠረ፣ ከባለ ጓንቱ ቁርጭምጭሚቶች መሀል ገባ። ሰውየው የአንድ ፎቅ ደረጃ በጀርባው ወረደ። ታች ሲደርስ አልተንቀሳቀሰም። ይተነፍስ ነበር።

ሽማግሌው በሩን ከፈቱ። ሱፍ ለብሰዋል፤ ከረቫታቸውን አስረዋል። የደግፌን እጅ አይተው ምንም ሳይሉ ከረቫቱን ፈቱና ጣቶቹን ጠቀለሉለት።

ዝማሬ ሥዕሉን ታቅፋ ደረሰች። የወደቀውን ሰው አየች። ደግፌን አየች።

«ማነህ አንተ?»

ነገራት። ባንድ ትንፋሽ፣ ምንም ሳይጨምርበት። በሕይወቱ ሳይጨምር ያወራው ያኔ ብቻ ነው።

«ስለ እማዬ የነገርኩህ ሁሉ» አለች። «ሱቅህ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት። ሪፖርት ይደረግ ነበር?»

«አዎ።»

በእንግሊዝኛ ማለት ትችል ነበር። እንዲገባው በአማርኛ አለችው።

«ትቀፋለህ።»

አቶ እንግዳወርቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደግፌ ከሥዕሉ ላይ በጎን የቆመውን ሰው አሳያቸው።

«አባቴ ሠዓሊ ነበሩ» አላቸው። «ዓይኑን አንድ አድርገውበታል።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት።

«ሻለቃ ዓለምሰገድ ይባላል» አሉ። «የወደቡ የደኅንነት ሹም ነበር። ቁስለኛውን አሳፍረን ጨርሰናል። ፋሻው ያልተቀየረለት፣ ትል የጀመረው ቁስለኛ። እሱ መጣ፣ መሀረቡን አወጣ፣ ‹የሚሸት አይሳፈር› አለ። አወረዷቸው። በነሱ ቦታ የእሱ ሻንጣ ተሳፈረ። የቀሩት ምን እንደሆኑ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን የካርታ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ዓይኑን አንድ አደረግሁበት። ሌላ ፍርድ ቤት አልነበረኝም።»



«ይሄንንስ፣ አባባ?» አለች ዝማሬ፣ ደግፌን በአገጯ እያመለከተች። «ቢሥሉት ስንት ዓይን ይሰጡታል?»

«ገና አላየሁትም» አሉ ሽማግሌው።

ደግፌ በግራ እጁ ወደ ቢሮው የአደጋ ጊዜ መስመር ደወለ።

«ጨጎጎት ነኝ።»

«እንደዚህ የሚባል ሠራተኛ የለንም» አለች አንዲት ሴት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ መስመሩም ተዘጋ።

ደወል ቀድሞታል። አድራሻውን በተቀበለ እጁ ስሙን ሰርዞታል። ምስክሩን ለባለ ጓንቱ፣ ጨጎጎትን ለውሻ። ደግፌ ትንሽ አሰበ። ትንሽ ማለት ለሱ ብዙ ነው። ከዚያ የደወልን የግል ቁጥር መታ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሰውዎ ደረጃ ላይ ተኝቷል። ሽማግሌው አመለጡን።»

«ሥዕሉስ?»

«ፓርክ ሮያል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን። እኔ ጋ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሊለቁት ነው። ስሜን ይመልሱልኝና ይውሰዱት። ሰው ቢልኩ ግን አልሰጥም። ያየው ሁሉ መሰላሉ ላይ ማን እንደቆመ ያውቃል።»

ደወል ሳቀ። ሰው ሁሉ የሚሸጥ ነገር አለው ብሎ የሚያምን ሰው ሳቅ ነበር።

«ስምህን ትፈልጋለህ። እመጣለሁ።»

መጋዘኑ በዳቦ ፋብሪካና በዓሣ ማሸጊያ መሀል ነው። እሑድ የዳቦው ሽታ ያሸንፋል፤ ምእመናኑ መዝሙር ሲያወጡ እንጀራ የራበው ሳይሆን ኬክ የራበው ሰው ይመስላሉ። ያን ቀን ግን አዳራሹ ጢም ብሏል። ዝማሬ ሥዕሉን እንዲያዩ ከለንደን ጥግ እስከ ጥግ ያሉ የድሮ የወደብ ሰዎችን ቀድማ ጠርታለች፤ ነርሶች፣ መርከበኞች፣ የጫኝ ሚስቶች። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አቶ ሀዲስ ናቸው። ከስቶክዌል በሁለት ባስ የመጡ፣ አንድ እግራቸውን እዚያ ወደብ ትተው በክራንች የሚሄዱ።

ደግፌ ወደ ዓሣ ማሸጊያው ጓሮ ሄደ። ባለ ጎማ የቆሻሻ ቢን አገኘ፤ አርብ ተሞልቶ በሐምሌ ፀሐይ የሰነበተ የዓሣ ሆድ ዕቃ። ክዳኑን ሲከፍት ዝንቦቹ ራሳቸው ወደ ኋላ አሉ። ሽታው ሂትሮ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ይመልሳል። ውሃው በእጀታው ውስጥ እየፈሰሰ፣ በአንድ እጁ ገፋው። አዳራሹ በር ላይ፣ በስተ ቀኝ፣ ክዳኑን ከፍቶ አቆመው።

ከዚያ በጎን በር ገባና ዝማሬ አጠገብ ቆመ። እሷ ፕሮጀክተሩን ይዛለች። አላየችውም። አፍንጫዋን ብቻ ቋጠረች።

«መሰላሉን አቅርቢው» አላት።

ፓስተር ባዩ መድረክ ላይ ናቸው። «ወገኖቼ፣ ይህቺ መርከብ ቤተ ክርስቲያን ናት...»

ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ሰፋ። ሕዝቡ ሰፋ። ዓይኖቹ ሰፉ። መሰላሉ መጣ። በጎን የቆመው ሰው ከወለል እስከ ጣሪያ ሆነ። ፓስተሩ ዞረው አዩና ቃላቸው መሀል ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተ።

ደወል ነበር።

አንድ እርምጃ ገባ። ሽታው መታው። ከቢኑ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፤ እጁ ኪሱ ገባ፣ ወጣ፣ አፍንጫው ላይ አረፈ። ከኋላው ፀሐይ አለ። በበሩ ብርሃን መሀል ጥቁር ሆኖ ቆመ።

በጎን።

በአራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ዞረች። ግድግዳውን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ አጠገቧ ያለው። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ወንበሮቹ እየተንቋቁ፣ ፊት ለፊት ዞረበት። ሁለት ሁለት ዓይን።

ክራንቹ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። አቶ ሀዲስ ተነሡ።

«ሻለቃ» አሉ በትሕትና። «ዛሬስ እንሳፈር ይሆን?»

የደወል እጅ ወረደ። ሽታው ገባ። እጁ ተመልሶ ወጣ። የራሱ እጅ አልታዘዘውም። ስልኮች ከየኪሱ ወጥተው ይቀርጹታል። አቶ እንግዳወርቅ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በመተላለፊያው፣ ቀስ እያሉ እስከ በሩ ሄዱ።

«ጨርቁን አውርደው» አሉት። «ፊት ለፊት እየኝ።»

አልቻለም።

ዝማሬ የጠራችው ፖሊስ እስኪመጣ ማንም አልነካውም። ማንም መንገድም አልለቀቀለትም። የዓሣው ቢን አጠገብ አቆሙት፤ እነሱም አብረው ቆሙ፣ አፍንጫቸውን ሳይዙ። አንድ በአንድ ስማቸውን እየተናገሩ ያዩትን መሰከሩ። ማግሥቱን ቢሮው ደወል የሚባል ሰው ቀጥሮ እንደማያውቅ አስታወቀ።

ደግፌን የጠየቀ አልነበረም። ዝማሬ ወደ ጎን በሩ ስትዞር በሩ ክፍት ነበር። ወለሉ ላይ የዓሣ ውሃ የነካው ዱካ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ስቶክዌል ውስጥ፣ በሌላ ስም፣ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አለ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። በግራ ነው የሚሠራው፤ ዘገምተኛ ነው፣ ደንበኛ ይነጫነጭበታል። እጁን በሎሚ አጥቧል፣ በሆምጣጤ አጥቧል፣ በሙጫ ማስለቀቂያ አጥቧል። ሽታው አልወጣም። ወይም አልወጣም ይላል።

የለንደን ክረምት ሲገባ አንድ ቅዳሜ ወደ ሆሎዌይ በባስ ሄደ። ሥዕሉ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቅሏል። ፍሬሙ የሱ ነው። እጁ ደህና ሳለ የቆረጠው፤ በማዕዘኖቹ መሀል ፀጉር አይገባም። እንዲህ ያለ ፍሬም በአውሮፓ የለም።

ዓይኖቹን አየ። ሁሉም በቦታቸው ናቸው።

ከታች፣ በወደቡ ጠርዝ ጥግ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሰው አለ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለሙ አዲስ ነው። አንድ ትልቅ ጎማ ያለው ዕቃ እየገፋ ከሥዕሉ ሊወጣ ነው። ጀርባውን ነው የሰጠው። ፊቱ አይታይም። አንድ ዓይንም ሁለት ዓይንም የለውም።

ደግፌ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

አጠገቡ አንዲት ልጅ እናቷን ትጎትታለች። «ማሚ፣ ይሄኛው ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?»

እናትየው አላወቀችም። ወደ ደግፌ ዞረች፤ የአበሻ ፊት አይታ።

«ቆሻሻ የሚያወጣ ሰው ይሆናል» አላት።

እጁን ኪሱ ከተተና ወጣ። ባሱ መጥቷል። ሮጦ ደረሰ፤ ሹፌሩ በሩን አፍንጫው ላይ ዘጋበት። ቀጣዩን ከሰዉ ጋር ተሰልፎ ጠበቀ።